"ሊያድግ ነው"፦ የሌሊት እግር ሕመም፣ ቁርጥማት እና የአምቦ ፍል ውሃ

ሌሊት ስድስት ሰዓት ገደማ ነው። ቤቱ ጸጥ ብሏል። የአምስት ዓመቱ ልጅ ድንገት "እማዬ፣ እግሬን!" እያለ ይነሳል። እናት የስልኳን መብራት አብርታ ታየዋለች። እግሩ አላበጠም፣ አልቀላም፣ አልቆሰለም። ቅቤ ወይም ቫዝሊን ቀብታ ባቱን ታሸዋለች። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ እንቅልፍ ይወስደዋል። ጠዋት ከሁሉም ቀድሞ ደጅ ወጥቶ ኳስ ይጠልዛል። አያት ሁሌም የሚሉትን ይላሉ፦ "ምንም አይደል፣ ሊያድግ ነው።"

ይህን ታሪክ እኔ በምሠራበት በአምቦና በዙሪያዋ ካሉ እናቶች በየሳምንቱ እሰማዋለሁ። ከጉደር የመጣችውም፣ ከጌዶ የመጣችውም፣ ከጊንጪ የመጣችውም የምትነግረኝ አንድ ዓይነት ነው። ዛሬ ግን ምክሩን ከመስጠቴ በፊት ታሪክ ልንገራችሁ። "የእድገት ሕመም" የሚለው ስም ከየት እንደመጣ፣ ሐኪሞች ራሳቸው መቶ ዓመት ያህል እንዴት እንደተደናገሩበት፣ የእኛ አገር ልጆች ደግሞ ዛሬም ለምን የዚያ መደናገር ሰለባ እንደሚሆኑ። ታሪኩን ያወቀ ወላጅ የልጁን እግር በሌላ ዓይን ያያል ብዬ ስለማምን ነው።

ስሙ የተወለደው ፈረንሳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1823 ማርሴል ዱሻም የተባለ ሐኪም ስለ እድገት በሽታዎች በጻፈው ሥራ ላይ ይህን የልጆች ሕመም ከማደግ ጋር አያያዘው። ሐሳቡ ለማንም የሚዋጥ ነው። ልጅ ያድጋል፣ አጥንቱ ይረዝማል፣ ሥጋና ጅማቱ ይወጠራል፣ ስለዚህ ያመዋል። የእኛም አያቶች ፈረንሳይኛ ሳያነቡ እዚያው ደርሰዋል።

ነገር ግን ሒሳቡ አይገጥምም። ልጅ በጣም የሚያድገው መቼ ነው? በመጀመሪያው ዓመቱ ነው፤ 25 ሴንቲ ሜትር ያህል ይረዝማል። ከዚያ ደግሞ በጉርምስና ጊዜ ይመዘዛል። ይህ የሌሊት እግር ሕመም የሚመጣው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 12 ዓመት ባለው ዕድሜ ነው፤ ማለትም ልጁ በዓመት 5 ወይም 6 ሴንቲ ሜትር ብቻ እያለ ቀስ ብሎ በሚያድግበት ወቅት። እድገት ቢሆን ኖሮ የሚያለቅሱት ጨቅላዎቹና ጎረምሶቹ በሆኑ ነበር። ዛሬም ትክክለኛ መንስኤው ሙሉ በሙሉ አልተለየም። ቀን ሙሉ ሲሮጥ የዋለ እግር ድካም ነው የሚሉ አሉ፤ እነዚህ ልጆች ሕመም ቶሎ የሚሰማቸው ናቸው የሚሉም አሉ። ስሙ ግን ስህተት ሆኖም ሁለት መቶ ዓመት ኖሯል። ስም አንዴ ከተጣበቀ አይለቅም።

ከስሙ የከፋው ስህተት የመጣው በኋላ ነው።

በአማርኛ "ቁርጥማት" የምንለውን ቃል አስቡት። ቆሎ እንደሚቆረጠም ሕመሙ አጥንትን የሚቆረጥም ይመስላል፤ ቃሉ ራሱ ያማል። የጉልበት ሕመምም፣ የወገብም፣ የብርድ የሚባለውም፣ የአያት እጅ መጣመምም ሁሉም ቁርጥማት ነው። አውሮፓውያንም እንደዚሁ አንድ ሰፊ ከረጢት ነበራቸው፤ "ሩማቲዝም" ይሉታል። ከግሪክ "መፍሰስ" ከሚል ቃል የመጣ ነው፤ መጥፎ ፈሳሽ ከመገጣጠሚያ ወደ መገጣጠሚያ ይፈሳል ብለው ያምኑ ስለነበር። በዚያ ከረጢት ውስጥ ግን አንድ እውነተኛ ገዳይ ተደብቆ ነበር። እሱም ሩማቲክ ፊቨር ነው።

ሩማቲክ ፊቨር የሚጀምረው ከጉሮሮ ነው። ስትሬፕቶኮከስ የሚባል ባክቴሪያ የልጁን ቶንሲል ያቆስላል። ልጁ ይድናል። ከ2 ወይም 3 ሳምንት በኋላ ግን ባክቴሪያውን ሊወጋ የተነሣው የሰውነት መከላከያ አቅጣጫውን ስቶ የልጁን መገጣጠሚያና ልብ ያጠቃል። ጉልበት ያብጣል፣ ይሞቃል፣ ለመነካት ያስቸግራል። ከጥቂት ቀናት በኋላ ጉልበቱ ይተወውና ቁርጭምጭሚቱ ያብጣል፤ ከዚያ ክርኑ። ሕመሙ እንደ እንግዳ ከቤት ቤት ይዞራል። በመጨረሻ ይሄዳል፤ ብዙ ጊዜ ያለ ምንም መድኃኒት፣ መገጣጠሚያውን ሳያበላሽ። በልብ በሮች ላይ የተወው ጠባሳ ግን አይሄድም።

ከመቶ ዓመት በፊት ይህ በሽታ በለንደንና በኒውዮርክ የድሆች ሰፈሮች ልጆችን ይጨርስ ነበር። ስለዚህ የእንግሊዝ ሐኪሞች ፈሩ። እግሬን የሚል ልጅ ሁሉ ቀለል ያለ ሩማቲክ ፊቨር ይዞታል ብለው ማሰብ ጀመሩ። "የእድገት ሕመም" የሚለው ስም የዋህ እናቶችን የሚያዘናጋ አደገኛ ቃል ነው ተባለ። ውጤቱ ምን ሆነ? ምንም ያልሆኑ፣ ጠዋት የሚሮጡ ልጆች የልብ ሕመምተኛ ተብለው ለወራት አልጋ ላይ እንዲተኙ ተደረጉ። የሰባት ዓመት ልጅ ሳይነሣ፣ ሳይጫወት፣ ትምህርት ቤት ሳይሄድ መክረሙን አስቡት።

ይህን ያስተካከሉት ልጆቹን በትዕግሥት የተከታተሉ ሰዎች ናቸው። እንግሊዛዊው ሐኪም ሆክስሊ በ1930ዎቹ እነዚህን ልጆች መርምሮ የሌሊቱ የእግር ሕመምና ሩማቲክ ፊቨር የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን አሳየ። እ.ኤ.አ. በ1951 ደግሞ ኔይሽና አፕሊ የተባሉ ሁለት ሐኪሞች የትምህርት ቤት ልጆችን አጥንተው ዛሬም የምንጠቀምበትን መለያ ጻፉ። ሕመሙ ከ3 ወር በላይ የቆየ፣ እየመጣ የሚሄድ፣ በመሐል ልጁ ፍጹም ጤነኛ የሚሆንበት፣ በምሽት ወይም በሌሊት የሚመጣ፣ ደግሞም መገጣጠሚያ ላይ ያልሆነ። ልብ በሉ፤ ይህን ለማወቅ ምንም ማሽን አላስፈለጋቸውም። እናቶችን ጠየቁ፣ ልጆቹን ነካኩ፣ ጠበቁ።

ከዚያ በኋላ በሀብታሞቹ አገሮች ሩማቲክ ፊቨር እየጠፋ ሄደ። ፔኒሲሊን ረድቷል፤ ነገር ግን መቀነሱ የጀመረው ከፔኒሲሊን በፊት ነው፤ ቤት ሲሰፋ፣ አንድ ክፍል ውስጥ የሚያድሩ ሰዎች ቁጥር ሲቀንስ። ስለዚህ ዛሬ የለንደን ሐኪም "የእድገት ሕመም ነው" ሲል ብዙ አይሳሳትም። እኛ ግን የእነሱን መጽሐፍ አንብበን የእነሱን መዝናናት ስንወርስ ችግር ይፈጠራል፤ ያ በሽታ ከእኛ ዘንድ አልሄደምና። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ፣ በተለያዩ የኢትዮጵያ አካባቢዎች ከ3,200 በላይ ተማሪዎችን በልብ አልትራሳውንድ የመረመረ ጥናት፣ ከ1,000 ልጆች 19 ያህሉ ላይ የሩማቲክ የልብ ሕመም ምልክት አግኝቷል። አንድ ትልቅ ትምህርት ቤት ሰልፍ ላይ ቆሞ አስቡት።

እዚህ ላይ ወደ ከተማዬ ልመለስ።

አምቦ በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን "ሀገረ ሕይወት" ትባል ነበር። ስሙ ያለ ምክንያት አልተሰጣትም። ሰዉ አምቦ ውሃን በጠርሙስ ያውቀዋል፤ ማሸጉ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1930 ነው። የቆየው ክብሯ ግን ፍል ውሃዋ ነው። አዲስ አበባ ራሷ የፍል ውሃ ልጅ አይደለችም እንዴ? እቴጌ ጣይቱና መኳንንቱ ከእንጦጦ ወርደው ይታጠቡበት በነበረው ፍል ውሃ አጠገብ ነው የተቆረቆረችው። ሰዉ ከሩቅም ከቅርብም ቁርጥማቱን ሊያስለቅቅ ወደ ፍል ውሃ ይሄዳል። እኔም ልጅ ሆኜ ከአያቴ ጋር ሄጃለሁ። አያቴ ጉልበታቸው ቀለል ይላቸው ነበር፤ ይህን አልክድም። ሙቅ ውሃ ጡንቻን ያላላል፤ ያረጀ ጉልበትን ያሳርፋል።

አሁን ግን የአንዲት ልጅ ታሪክ ልንገራችሁ፤ ማንነቷ እንዳይታወቅ አንዳንድ ነገር ለውጫለሁ። አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። የመጣችው ውሃ ቀድታ ዳገት ስትወጣ ትንፋሽ እያጠራት ነው። ሌሊት ሁለት ትራስ ደርባ ነው የምትተኛው። ልቧን ሳዳምጥ የሚሰማውን ድምፅ ማንም የሕክምና ተማሪ አይስተውም። "ከዚህ በፊት ጉልበቷን ወይም እግሯን አሟት ያውቃል?" ብዬ አያቷን ጠየቅኩ። ፊታቸው በራ። "አዎን! ከሁለት ዓመት በፊት ጉልበቷ አብጦ፣ ከዚያ ወደ ቁርጭምጭሚቷ ዞሮ፣ መራመድ አቅቷት ነበር። አንድ ጤና ተቋም ወሰድናት፤ እያደገች ነው አሉን። እኛም ፍል ውሃ ወሰድናት። በሁለት ሳምንት ድና ተመለሰች።"

ድና አልነበረም። የሩማቲክ ፊቨር የመገጣጠሚያ እብጠት ፍል ውሃ ቢሄዱም ባይሄዱም፣ ጠበል ቢጠመቁም፣ ቅቤ ቢቀቡም በራሱ ይሄዳል። በዚያ ሰሞን የተደረገ ነገር ሁሉ ፈዋሽ ይባላል። የፍል ውሃውም የወጌሻውም ዝና በከፊል የተገነባው በዚህ ነው። እውነቱን ለመናገር የእኛም፤ ፓራሲታሞል ሰጥተን "ተሻለው" የምንለው ስንት ጊዜ ነው! አያቷን መውቀስ አልችልም። ያዩትን ነው ያመኑት። "እያደገች ነው" ያላቸው ባለሙያ ግን ያበጠ ጉልበት አይቶ እንዲህ ማለት አልነበረበትም። እድገት ጉልበት አያሳብጥም።

ባለሙያ ስወቅስ የራሴንም ልናገር። ሥራ በጀመርኩበት ዓመት፣ ወረፋው በሩን ሞልቶ፣ አንድ የስድስት ዓመት ልጅ ቀኝ እግሩን እንደሚያመው እናቱ ነገረችኝ። ሱሪውን እንኳ አላስወለቅኩትም። "እድገት ነው፣ ይተወዋል" አልኳት። ከአሥር ቀን በኋላ ተሸክማው መጣች፤ ይተኩሳል፣ እግሩን መርገጥ አይችልም። የአጥንት ኢንፌክሽን ነበር። ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ዳነ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እግሩን ያመመው ልጅ ሱሪውን ሳያወልቅ፣ በክፍሉ ውስጥ ሳይራመድልኝ አይወጣም። አንድ እግር ብቻ፣ ሁልጊዜ በዚያው ቦታ የሚያም ከሆነ የእድገት ሕመም አይባልም። እንዲህ ያለውን እግር ወጌሻ ጋ ወስዶ ማሳሸትም ትልቅ ጉዳት ያመጣል።

ልጆቻችንን ሩማቲክ ፊቨር ብቻ አይደለም እግራቸውን ያሳመማቸው። ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ ስትመጡ ቡራዩን አልፋችሁ መናገሻ ትደርሳላችሁ። እዚያ እ.ኤ.አ. በ1962 የተመሠረተው የቼሻየር ማዕከል አለ። ዕድሜያችሁ ከፍ ያለ ታስታውሳላችሁ፤ በልጅነት ልምሻ፣ ማለትም በፖሊዮ፣ እግራቸው የሰለለ ልጆች በብረት ድጋፍና በክራንች መራመድ የሚማሩበት ቦታ ነበር። ፖሊዮም የሚጀምረው በትኩሳትና በእግር ሕመም ነው፤ ከዚያ ልጁ አንድ ጠዋት እግሩን ማንሣት ያቅተዋል። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2020 አፍሪካ ከተፈጥሯዊው የፖሊዮ ቫይረስ ነፃ መሆኗ ተረጋገጠ። ይህ የጠብታው ክትባት ውጤት ነው። ሆኖም ድንገት እግሩ የዛለ ልጅ ካያችሁ በዚያው ቀን ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ንገሯት፤ ክትባት በማያዳርስበት ቦታ ቫይረሱ በሌላ መልክ ሊመለስ ይችላል።

ሪኬትስም አለ። የአጥንት መለስለስ ነው፤ እግር ይቀሳል፣ የእጅ አንጓ ይወፍራል፣ ልጅ መሄድ ይዘገያል። የሚመጣው በተለይ ከፀሐይ በምናገኘው ቫይታሚን ዲ እጥረት ነው። "የ13 ወር ፀጋ" በምንላት አገር! ግን ሕፃኑን ምች ይመታዋል፣ ዓይን ያርፍበታል እያልን በጋቢና በፎጣ ጠቅልለን ጨለማ ቤት ስለምናስተኛው ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 በአዲስ አበባው የኢትዮ-ስዊድን የሕፃናት ሆስፒታል የኢትዮጵያ ሐኪሞች ያሳተሙት ጥናት ዓለምን አስደንግጧል። የሳንባ ምች ከያዛቸው 500 ልጆች 210ዎቹ ሪኬትስ ነበረባቸው፤ የሳንባ ምች ከሌለባቸው 500 ልጆች ግን 20ዎቹ ብቻ። የተጣመመ እግር የሚያመለክተው ደካማ ደረትንም ነው ማለት ነው። የጠዋት ፀሐይ ነፃ ናት፤ ፊቱን፣ እጁንና እግሩን ገልጣችሁ አሙቁት፤ በመስታወት በኩል ግን አይሠራም።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ታሪክ ተነሥቼ፣ ሌሊት የሚያለቅሰው ልጃችሁ ላይ ምን እመለከታለሁ? በመጀመሪያ ጠዋቱን ነው የምጠይቀው። ጠዋት እያነከሰ ከተነሣ ጨዋታው ተለወጠ። ሁለቱንም እግር ያመዋል ወይስ አንዱን? ጣቱን አድርጎ ሲያሳየኝ ባቱን፣ ጭኑን ወይም ከጉልበቱ በስተኋላ ያለውን ሥጋ ነው ወይስ መገጣጠሚያውን? ስታሹት ይወድዳል ወይስ እጃችሁን ይገፋል? የእድገት ሕመም ያለበት ልጅ ማሸቱን ይፈልጋል፤ እብጠት ወይም ኢንፌክሽን ያለበት አያስነካም። ትኩሳት፣ ክብደት መቀነስ፣ መገርጣት፣ በየቦታው መበለዝ፣ ቀንም የሚያም ሕመም ካለ ደም እናያለን፤ አልፎ አልፎ የደም ካንሰር በልጆች ላይ በእግር አጥንት ሕመም ይጀምራልና። ባለፉት ሳምንታት ጉሮሮውን አሞት ነበር? ይህን ጥያቄ ብዙ ወላጅ ከእግር ጋር ምን አገናኘው ይለኛል። አሁን መልሱን ታውቃላችሁ። እንጥል ማስቆረጥ ደግሞ ከዚህ በሽታ አያድንም፤ ደም መፍሰስና ኢንፌክሽን ነው የሚያተርፈው። የጉሮሮ ቁስል ባለሙያ ዘንድ ታይቶ፣ ካስፈለገ በፔኒሲሊን ሲታከም ነው ልብ የሚተርፈው።

ይህ ሁሉ ከሌለ፣ አያት ትክክል ናቸው። ቅቤውን ቀቡት፣ እሹት፣ ጨርቅ አሙቃችሁ አድርጉለት። ከመተኛቱ በፊት የባቱንና የጭኑን ጡንቻ ቀስ አድርጎ መሳሳብ ይረዳል፤ እ.ኤ.አ. በ1988 በታተመ የካናዳ ጥናት ጡንቻቸው እንዲሳሳብ የተደረጉ ልጆች ከሌሎቹ ፈጥነው ተሽሏቸዋል። በጣም ካለቀሰ በክብደቱ ልክ ፓራሲታሞል ይበቃል። አስፕሪን ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለልጅ አትስጡ።

ስለ ልብ ልጨምር። ዶክተር በላይ አበጋዝ የመሠረቱት፣ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ያለው የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2009 ከተከፈተ ወዲህ ቀድሞ ውጭ አገር ብቻ ይሠራ የነበረው የልጆች የልብ ቀዶ ሕክምና እዚሁ መሠራት ችሏል። የሚጠብቁት ልጆች ግን እጅግ ብዙ ናቸው። ቀዶ ሕክምና ሳይደርስ ማስቆም የሚቻለው በየ3 ወይም 4 ሳምንቱ በሚሰጥ አንድ መርፌ ነው፤ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ይባላል። ከ1950ዎቹ ጀምሮ የሚታወቅ፣ ርካሽ መድኃኒት ነው። ልጁ ሩማቲክ ፊቨር ዳግመኛ እንዳይይዘው፣ የቆሰለው የልብ በር ጨርሶ እንዳይበላሽ ያደርጋል። መርፌው ያማል፤ አንዳንዴ የአለርጂ አደጋ ስላለው ባለሙያዎችም ይፈሩታል፤ አንዳንድ ጊዜም ከመድኃኒት ቤት ይጠፋል። ስለዚህ ብዙ ልጆች ያቋርጣሉ። እኔን ሌሊት ከሚያስጨንቁኝ ነገሮች አንዱ ይህ ነው።

ያቺ አሥራ ሁለት ዓመቷ ልጅ አሁን መርፌዋን በየአራት ሳምንቱ ትወጋለች። ዳገቱን ቀስ ብላ ትወጣለች፤ ውሃ መቅዳቱን ወንድሟ ተረክቧል። ባለፈው ቀጠሮ አያቷ ሲወጡ በሩ ላይ ቆም አሉና ጠየቁኝ፦ "ዶክተርዬ፣ እንግዲህ ፍል ውሃ መውሰዱን ልተወው?" እኔም "እማማ፣ እርስዎ ለጉልበትዎ ሲሄዱ ይዘዋት ቢሄዱ ግድ የለኝም። በጣም ሙቁ ውስጥ ግን ብዙ አትቆይ። ደግሞ ከመርፌው ቀን ጋር እንዳይጋጭ" አልኳቸው። ካርዱን አውጥተው ቀኑን እንደገና አስነበቡኝ፤ መጋቢት 12። በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩት።